እንደ እንዝርት የሚሾረው የአሰብ ዶልፊን

ባለፈው እትም ስለ ቀይ ባሕር ጨውና ሙቀት ስጽፍ፣ «አሰብ ሳስተምር ዶልፊኖቹን ከባሕሩ ዳር ቆመን እናያቸው ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። አንባቢ ጨዉንም ሙቀቱንም ትቶ እሷኑ ያዘ። የዚህ ወር አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ዶልፊን ናቸው። ከሲያትል የመጣው ረዘም ያለ ስለሆነ መልሱም ረዘም ብሏል፤ ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አሰብ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በያጅ ነበር። በ1979 ዓ.ም.፣ የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ ወዳጅ የሆነ አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ወደ ደሴት ይዞን ሄደ። ማለዳ ነበር። ድንገት በስተቀኛችን አንድ ጥቁር ነገር ከውኃው ዘሎ ወጣና አየር ላይ እንደ እንዝርት ሾረ። እየሾረ ወደቀ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አባቴ እቅፍ አድርጎኝ «አየሽ? አየሽ?» ይል ነበር። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ገና ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ታላቅ ወንድሜ «በቴሌቪዥን ያየሽውን ነው የምታወሪው፤ አሰብ ዶልፊን የለም። ደግሞስ ዶልፊን ይዘላል እንጂ መቼ ይሾራል?» አለኝ። ፎቶ የለኝም። ከልጅነት ሕልም ጋር ቀላቅዬው ይሆን? በእርግጥ በዚያ ባሕር ዶልፊን አለ? ካለስ ያየሁት የትኛው ነው?
(ከሲያትል)

መልስ፦ እህቴ፣ ሕልም አይደለም። አይተሻል። አባትሽም አይቷል።

ከውኃ ወጥቶ በራሱ ዙሪያ ደጋግሞ የሚሾር ዶልፊን በቀይ ባሕር አንድ ብቻ ነው። የሳይንስ ስሙ ስቴኔላ ሎንጊሮስትሪስ ነው፤ ሎንጊሮስትሪስ «ረጅም አፍ» እንደ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ የአማርኛ ስም ባጣሁለት ጊዜ «እንዝርቴ» ብዬላቸው ነበር፤ አንቺም ያንኑ ቃል ጽፈሽ ሳየው ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎቹም ዶልፊኖች ይዘላሉ፣ እዚህ ላይ ወንድምሽ እውነት አለው። ይህኛው ግን መሾር የሚጀምረው ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ነው። ሰውነቱን እየጠመዘዘ በፍጥነት ሽቅብ ይመጣል፤ ከውኃው ሲወጣ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሽክርክሩ ይበረታል፣ በአንድ ዝላይ እስከ 7 ጊዜ ይዞራል። ከዚያ በጎኑ ጧ ብሎ ይወድቃል። አንዳንድ አጥኚዎች ሬሞራ የሚባለውን ሰውነቱ ላይ የሚለጠፍ ዓሣ ለማራገፍ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ድምፁና የሚነሳው አረፋ ራቅ ብለው ላሉት ጓደኞቹ መልእክት ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆኑ አይገርመኝም።

«ጥቁር ነገር» ማለትሽም ትክክል ነው። የእንዝርቴ ጀርባ ጥቁር ግራጫ፣ ጎኑ ፈዘዝ ያለ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ80 ኪሎ አይበልጥም። አሰብ ላይ ግን ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ በኩል መሆኑን ታስታውሻለሽ። በማለዳ ወደ ምሥራቅ ስታዪ ከውኃ የሚወጣ ሁሉ ጥላ መስሎ ነው የሚታየው። ቴሌቪዥን እንዲህ አድርጎ አያሳይም፤ የፊልም ሰው ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ነው የሚቀርጸው።

ማለዳ መሆኑም ምክንያት አለው። ይህ ዶልፊን የሌሊት ተረኛ ነው። ቀን ቀን በጥልቁ ውኃ የሚደበቁ ትናንሽ ዓሦችና ስኩዊዶች ጨለማ ሲሆን ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እንዝርቴ ሌሊቱን ሙሉ እነሱን ሲያሳድድ ያድራል። ሲነጋ በመንጋ ሆኖ ነፋስ ወዳልበረታበት፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ ወደ ሆነበት ጥግ ይመለሳል። ነጭ አሸዋ የሚመርጠው ሻርክ ቢመጣ ከሩቅ እንዲታየው ነው። እዚያ ደርሶ አንዴ ሁለቴ ይዘልና ይሾራል፣ ከዚያ ተጠጋግቶ በዝግታ እየዋኘ ያርፋል። ሲተኛም ግማሽ አንጎሉ ብቻ ነው የሚተኛው፤ ሌላው ግማሽ ለመተንፈስና ለመጠበቅ ነቅቶ ይቆያል። አባትሽ ማጣሪያው ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሲመለስ አይተሽው ከሆነ፣ ያን ቀን ያያችሁት መንጋም እንደዚያው ከሥራ እየገባ ነበር። ስለዚህም ነው ቀን ላይ በጀልባ መክበብ፣ ወደ መሃላቸው ዘሎ መግባት የሚጎዳቸው፤ እንቅልፋቸውን ነው የሚወስድባቸው። በግብጽ፣ ማርሳ ዓለም አጠገብ፣ ሰማዳይ የሚባል እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ የኮራል ሪፍ አለ፤ ሪፍ ማለት ኮራል የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሠሩት የውኃ ውስጥ አለት ነው። እንዝርቴዎች በየቀኑ የሚያርፉበት ነው። ጎብኚ ሲበዛባቸው ግብጾች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውስጠኛውን ክፍል ለዋናተኛም ለጀልባም ዘጉት፤ ሰው ከተከለለለት መስመር ሆኖ ያያል። ትክክለኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ፤ «አሰብ ዶልፊን የለም» ላለው። ዛሬ የኤርትራ የሆነው ያ ባሕር ከዋናው ምድር ብቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጠረፍ አለው፣ ደሴቶቹም ከ300 ይበልጣሉ። ዶልፊን ሁሉ አንድ አይደለም፤ እንደ ውኃው ጥልቀት ተከፋፍለው ነው የሚኖሩት። ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል ብትሄጂ መጀመሪያ የምታገኚው ባለ ሻኛውን ነው፤ ስለ እሱ በመጨረሻው ደብዳቤ በሰፊው ስለምጽፍ እዚህ ልለፈው። ቀጥሎ፣ ኮራሉ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖሶች ጠርሙስ አፍንጫ የሚባለው አለ። ዓለም በየመዋኛው ከሚያውቀው ትልቁ ጠርሙስ አፍንጫ ያንሳል፣ ቢረዝም 2 ሜትር ከ60 ነው። በ1976 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ አባቶች በአንዱ ሳንቡክ (የእንጨት ጀልባ) ላይ ሆኜ ከጀልባው አፍንጫ ጫፍ ወደ ታች ሳይ አራቱ ከፊታችን ይዋኙ ነበር። ጀልባው የሚገፋው ውኃ እነሱንም ይገፋቸዋልና ጅራታቸውን እንኳ ብዙ አያንቀሳቅሱም። አንደኛው በጎኑ ዘንበል ብሎ ሽቅብ ተመለከተኝ። ያኔ ሆዱን አየሁት፤ ነጭ ሆድ ላይ ጥቁር ጤፍ የበተኑበት ይመስላል። ያ ነጠብጣብ የአዋቂነቱ ምልክት ነው፤ ግልገሎቹ የላቸውም። ትልቁ ጠርሙስ አፍንጫ ሆዱ ንጹሕ ነው፤ ከባሕሩም ጠለቅ ያለውን ይመርጣል።

ስለዚሁ ሆደ ነጠብጣብ ዶልፊን ለወንድምሽ ሳትነግሪው የማትቀሪውን ነገር ልጨምርልሽ። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ወጣት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ከግብጽ ተነስተው ቀይ ባሕርን እያጠኑ በ1825 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደረሱ። ሄምፕሪክ እዚያው በንዳድ ታሞ በ29 ዓመቱ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን የሰበሰቡትን ይዞ ወደ በርሊን ተመለሰ። ከያዘው ውስጥ ቤልሆሴ ተብላ ከተመዘገበች የዚያ ባሕር ደሴት የተገኘ የዶልፊን ራስ ቅል ነበረበት። እሱንም በ1830ዎቹ መጀመሪያ «አዱንከስ» ብሎ ሰየመው፤ በላቲን «ቆልማማ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ይህ ዶልፊን ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፣ ከትልቁ ጋር አንድ ነው ሲሉ ኖሩ። ክርክሩ መቶ ዓመት አለፈው። በ2007 እ.ኤ.አ. ያንኑ በርሊን የተቀመጠ አሮጌ አጥንት በዲኤንኤ መርምረው የኤረንበርግን ስም የያዘው የራሱ ዝርያ መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አውስትራሊያ የሚዋኘው ይህ ዶልፊን ሁሉ ስሙን ያገኘው ወንድምሽ «የለም» ካለው ባሕር በወጣ አንድ ራስ ቅል ነው።

ሌላም ሰው አለ፤ ሩፔል። ጎንደርንና ስሜንን ያየ፣ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ጀርመናዊ ነው። እሱም በቀይ ባሕር ያገኘውን ዶልፊን በ1842 እ.ኤ.አ. «አቡሳላም» ብሎ ጽፎታል። ስሙ ከባሕርተኞቹ ከራሳቸው አፍ የተወሰደ ነው፤ በዓረብኛ የሰላም አባት እንደ ማለት ነው። በኋላ ከኤረንበርግ ዶልፊን ጋር አንድ ሆኖ በመገኘቱ ስሙ ቀረ፤ ለእኔ ግን ከላቲኑ ይልቅ ይህኛው ይጥመኛል።

ከኮራሉ ወዲያ ሰፊው ውኃ ላይ ነጠብጣቡ መላ ሰውነቱን የሚሸፍን ሌላ ዶልፊን አለ፤ ሲወለድ ነጠብጣብ የለውም፣ በዕድሜው ልክ ይበዛበታል። ረጅም አፍ ያለው፣ ጎኑ ላይ ቢጫ የጣለበት «ተራው ዶልፊን» የሚባለውም በደቡቡ ክፍል ይገኛል። ከሁሉ ጠልቆ የሚኖረው ሪሶ አፉ ሾጣጣ አይደለም፣ ግንባሩ ድፍን ነው። እርስ በርስ በጥርስ ስለሚቧጨር ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይቀርና ሲያረጅ መላ ሰውነቱ ይነጣል። ይህን እኔ ከሩቅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ለልጆችሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊን እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ፉጨት አለው። ግልገል ሳለ ያወጣዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ይይዘዋል፤ እንደ ስም ማለት ነው። ሌላው ዶልፊን ያን ፉጨት አስመስሎ ሲያፏጭ የስሙ ባለቤት ይመልሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩ ዶልፊኖች የድሮ ጓደኛቸውን ፉጨት ሲሰሙ እንደሚለዩት አሳይቷል። ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ የሰማሽው «አየሽ?» ዛሬም በጆሮሽ መኖሩ እኔን አላስገረመኝም።

አጥማጁ እነዚያን ዶልፊኖች ምን ብሎ እንደጠራቸው ትዝ ካለሽ እባክሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዓባይ ውኃ እስከ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፤ ታዲያ ዶልፊን ወደ ጣና የማይመጣው ለምንድን ነው? የወንዝ ዶልፊን አለ ሲባልም ሰምቻለሁ።
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የወንዝ ዶልፊን አለ፣ ልጄ። በአማዞን፣ በጋንጅስና በኢንደስ ወንዞች ይኖራል። በቻይናው ያንግትዜም ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ወንዙን ከላይ እስከ ታች ፈልገው አንድም አላገኙም። ዓባይ ግን የለውም። ቢኖረው እንኳ ጢስ ዓባይን ሽቅብ የሚወጣ ዶልፊን የለም፤ ጣና ከታችኛው ዓባይ በዚያ ፏፏቴ ስለ ተቆረጠ ነው በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች የበቀሉበት።

ነገር ግን የዶልፊንን ዘመድ ማየት ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ወደ ጫራ ጫራ አመሻሽ ላይ ውረድ። በየብስ ላይ ከሚኖሩት እንስሳት ሁሉ ለዶልፊንና ለዓሣ አንበሪ በሥጋ የሚቀርበው ጉማሬ ነው። የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ዲኤንኤያቸው ግን ዛሬም ይመሰክራል። ጉማሬም ውኃ ውስጥ ይወልዳል፣ ውኃ ውስጥ ያጠባል። አፍንጫውን ከውኃው በላይ አውጥቶ እፉፍ ሲል ስትሰማ፣ እኔ አሰብ ላይ የሰማሁት ድምፅ ዘመድ መሆኑን አስብ።

ጥያቄ፦ ጂቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ወደቡ ላይ ተራ ስንጠብቅ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ባሕሩ ወርደን እግራችንን ነክረን ሳለ ክንፍ የመሰለ ነገር ከውኃ ብቅ አለ። «ሻርክ!» ብለን ሮጥን። አንድ የአገሩ ሰው ግን ዶልፊን ነው ብሎ ሳቀብን። በምን ይለያል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሮጥህ አላጠፋህም፤ ሳይለዩ ከመቆም ለይቶ መመለስ ይሻላል። መለያው ጅራቱ ነው። የሻርክ ጅራት ቁመቱ እንደ በር ነው፤ ቀኝና ግራ ይመታል፣ ስለዚህ ላይ ላዩን ሲዋኝ ከጀርባው ክንፍ ኋላ የጅራቱ ጫፍ ሁለተኛ ክንፍ መስሎ ይታያል፤ ክንፉም ደረጃውን ጠብቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የዶልፊን ጅራት ግን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው፤ ላይና ታች ይመታል። ክንፉ ብቅ ይላል፣ እንደ ቀስት ይታጠፋል፣ ይሰምጣል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ጸጥታ ከሆነ ደግሞ ትንፋሹን ትሰማዋለህ፤ ሳንባ ስላለው አየር ሊወስድ ነው የሚወጣው። ሻርክ በስንጥብ ስለሚተነፍስ ድምፅ የለውም።

ዶልፊን ዓሣ አይደለም። እኛ «ዓሣ አንበሪ» እያልን በማደጋችን ዘመዶቹን ሁሉ ከዓሣ ቆጠርናቸው እንጂ ትኩስ ደም ያለው፣ የሚያጠባ፣ እትብት ያለው እንስሳ ነው።

ክረምታቸው ማለትም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ አካባቢ ከሆንክ ደግሞ ትልቅ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሻርክ ልታይ ትችላለህ። የዓሣ አንበሪ ሻርክ ይሉታል። ዋና ምግቡ ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ናቸውና ከእሱ አትሩጥ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ አቡ ዳቢ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ልጆቹን ኮርኒሽ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ፣ አወጣቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጀርባው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለው ዶልፊን አየን። በአፉ ጫፍ አንድ ትንሽ የማይንቀሳቀስ ነገር እየገፋ ይሄዳል፣ ሲሰምጥበት ተመልሶ ያወጣዋል። ሰው ሁሉ በስልኩ እየቀረጸ «ይጫወታል» ይላል። እኔ ግን ጨዋታ አልመሰለኝም። ልጄን ለእናቴ ትቼ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለዚያ ይሆናል እንደዚያ የታየኝ። ምን እያደረገ ነበር?
(ከአቡ ዳቢ)

መልስ፦ ልጄ፣ ልክ ነሽ። ጨዋታ አይደለም። ያየሻት እናት ናት፤ የምትገፋውም የሞተ ግልገሏን ነው።

ዶልፊን ሲወለድ በጅራቱ በኩል ነው የሚወጣው፤ ወዲያው አየር ማግኘት አለበት። ብዙ ጊዜ እናቲቱ ከሥር ገብታ ወደ ላይ ታነሳዋለች። ግልገሉ ሲሞትም ያንኑ ነው የምታደርገው፤ ማንሳቷን አትተውም። አንዳንዷ ለሰዓታት፣ አንዳንዷ ለቀናት ትሸከማለች። ከዶልፊን ቤተሰብ ትልቁ ኦርካ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ጠረፍ አንዲት ኦርካ የሞተች ልጇን 17 ቀን ተሸክማ ዋኝታለች። ከልጅሽ በመለየትሽ የታየሽ ሌላው ሰው ያላየውን እውነት ነው።

ሻኛ ማለትሽን ወድጄዋለሁ፤ እኔም ባለ ሻኛው ነው የምለው። የሳይንስ ስሙ ሶሳ ፕለምቢያ ነው፤ ቀለሙ እርሳስ የሚባለውን ብረት ስለሚመስል ነው። ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። የአቡ ዳቢ ውኃ 700 ያህል እንዳለው ተቆጥሯል፤ በዓለም ላይ በአንድ አካባቢ ተቆጥረው ከተገኙት ትልቁ ቁጥር ነው። ነገር ግን ዝርያው ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። ምክንያቱ ቤቱ ነው። ከ25 ሜትር ያልጠለቀ ውኃ ካልሆነ አይኖርም፤ ያ ደግሞ ሰው ወደብ የሚሠራበት፣ ባሕር በአፈር የሚሞላበት፣ መረብ የሚዘረጋበት፣ ፈጣን ጀልባ የሚነዳበት ውኃ ነው። ደግሞ ካየሽ ልጆቹን ይዘሽ ከዳር ቁሚ፤ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እንዲደውሉ ለአሠሪዎችሽ ንገሪ። ጀልባ ሊጠጋት አይገባም። ግልገሏንም ማንም ሊወስድባት አይገባም።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ተማሪዬ ገና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር እየሮጠ መጥቶ «መምህር፣ ዓሣ ያልሆነ ነገር መረባችን ውስጥ ገብቷል» አለኝ። ስድስት ተማሪዎች፣ አንድ ሜትርና አንድ ጆንያ ይዤ ሄድኩ። ከአሰብ ሰጊር አልፎ ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ የበቀለበት ቦይ ነው፤ አባቱ የናይለን መረቡን ማታ በቦዩ አፍ ዘርግቶት አድሯል። ግልገሉ አሸዋው ላይ ተጋድሟል። ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ6 ሳንቲም። ቆዳው እንደ ራሰ ጎማ ነው፣ ለስላሳና ጥብቅ። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ነበሩ። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የከረመ ነጠላ ሲዘረጋ የሚታየውን የእጥፋት መስመር ታውቂዋለሽ? ልክ እንደዚያ። እናቱ ሆድ ውስጥ ታጥፎ የነበረበት ምልክት ነው፤ ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋል። አፉ ላይ ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች ነበሩት። እትብቱ በቅጡ አልደረቀም። መረቡ አልቆረጠውም፣ ቁስል የለውም፤ ተይዞ ወደ ላይ መውጣት ስላልቻለ ታፍኖ ነው የሞተው።

ከኋላችን እፉፍ የሚል ድምፅ ሰማን። ውኃው ወገብ በማይደርስበት ቦታ እናቲቱ ከነሻኛዋ ብቅ አለች። ሰውዬው «ከንጋት ጀምሮ እዚህ ናት» አለ።

ጆንያውን የያዝኩት ግልገሉን ወደ ትምህርት ቤት ወስጄ አጥንቱን ለማስተማሪያ ላወጣው ነበር። ልነግረው ስጀምር ሰውዬው ገባው። ራሱን ነቀነቀና «የእሷ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ግልገሉን አቅፎ ሁሪው (ትንሿ ታንኳው) ላይ አስቀመጠው፣ ጥቂት ቀዝፎ ሄደና በሁለት እጁ ውኃው ላይ አኖረው። ወደ ኋላ ሳይቀዝፍ እንኳ ከሥሩ መጥታ በአፏ አነሳችው። በማንግሮቩ ዳር ዳር፣ እየሰመጠባት እያነሳችው፣ ወደ ሰሜን ሄደች። ልጆቹ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ከሰዓት በኋላ የዓሣ ስንጥብ ላስተምር ተራዬ ነበር፤ ትቼው ስለ ጡት አጥቢዎች አስተማርኩ። ሰውዬው በዚያው ሳምንት መረቡን ከቦዩ አፍ አንስቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደው። ልጁ እንደነገረኝ በዚያ ወቅት የያዙት ዓሣ ካለፈው ዓመት ያነሰ ነበር፤ መረቡ ግን ወደ ቦዩ አልተመለሰም።